«ውድ ጓንት ገዝቼ በወሩ ተላጠ»፦ ስለ በረኛ ጓንት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በረኞች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይጠፋ አቤቱታ አለ፤ «ውዱን ገዛሁ፣ በወሩ መዳፉ ተላጠ፣ ተታለልኩ» የሚል። እንዲህ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ማንም አላታለለውም። ያልገባው ነገር ጓንቱ ለምን እንደተሠራ ነው።

የመዳፉ ላቴክስ ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚሠራ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስፖንጅ ነው። ኳስ ሲያርፍበት ይረግባል፣ ከኳሱ ሸካራ ገጽ ጋር ይገጥማል፣ ኳሱም መንሸራተቻ ያጣል። የሚይዘው ልስላሴው ነው፤ ሙጫ የለበትም። ለስላሳ ነገር ደግሞ ሲፋቅ ይቦጨቃል። ጓንት ሠሪ ላቴክሱን ሲያለሰልሰው ኳስ ይይዛል ግን ቶሎ ያልቃል፤ ሲያጠነክረው ይቆያል ግን ኳስ ያስመልጣል። ሁለቱን እኩል የሚሰጥ ላቴክስ የለም። ውዱ ጓንት ውድ የሆነው ለጨዋታ ቀን ስለለሰለሰ ነው፤ በየቀኑ ልምምድ ላይ ከዋለ ማለቁ አይቀርም። መፍትሔው ሁለት ጥንድ መያዝ ነው፤ ጠንከር ያለ ላቴክስ ለልምምድ፣ ለስላሳው ለጨዋታ። የጨዋታውም አዲሱ ሲገዛ አሮጌው ወደ ልምምድ ይወርዳል።

የተላጠው የት እንደሆነ ማየትም ብዙ ይናገራል። የመዳፉ ሥር፣ ከእጅ አንጓው በላይ ያለው ቦታ ከተፋቀ የጨረሰው ኳሱ ሳይሆን መሬቱ ነው። በረኛው ከወደቀ በኋላ መዳፉን ዘርግቶ ተደግፎ ሲነሳ፣ በተለይ ሰው ሠራሽ ሣር ላይ፣ ላቴክሱ እንደ ሞረድ ባለ ነገር ይፋቃል። እጁን ጨብጦ በቡጢው ተደግፎ ቢነሳ ጓንቱ በብዙ ይቆይለታል። የጣቶቹ ጫፍ ስፌት ከተተረተረ ግን ጓንቱ ጠቦታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ስህተት ልምጣ፤ «ጓንት ውሃ አይንካው፣ ደርቆ ነው የሚይዘው» ወደሚለው። ይህን ያህል ጓንት የጨረሰ አባባል የለም። የደረቀ ላቴክስ ገጹ ይጠነክራል፣ አቧራም ይሞላበታል፤ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ ስፖንጁ ከኳሱ ጋር መግጠም ያቅተዋል። እርጥበት ያለሰልሰዋል። አዲስ ጓንት ደግሞ ከፋብሪካ የቀረ ነገር ገጹ ላይ ይዞ ስለሚመጣ ሳይታጠብ ቢለበስ ያንሸራትታል፤ ብዙ ሰው «አዲሱ አይይዝም» ብሎ የሚመልሰው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። አዲሱን ጓንት 30 ዲግሪ ገደማ በሆነ ለብ ያለ ውሃ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ በእጅ ማጠብ። ከጨዋታ በፊት መዳፉን ብቻ ማርጠብ፣ ጨመቅ አድርጎ ትርፉን ማራገፍ፤ እርጥብ ይሁን እንጂ አይንጠብጠብ። በእረፍት ሰዓት መድገም። ከጨዋታ በኋላ ላብና ጭቃ ሳይደርቅበት ማጠብ፣ ምክንያቱም የላብ ጨው ሲደርቅ ላቴክሱን ያደርቀዋል። በረኪናና የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አይንካው። ሲጨመቅ እንደ ጨርቅ አይጠመዘዝም፤ ከጣቶቹ ወደ ታች እየተጫነ ውሃው ይወጣለታል። ከዚያ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት ተዘርግቶ ይደርቃል። ፀሐይ ላይ ወይም ማሞቂያ አጠገብ ከተሰጣ ላቴክሱ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል፤ አንዴ ከተሰነጠቀ የሚመልሰው የለም። መዳፍ ለመዳፍ ገጥሞ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥም ክፉ ልማድ ነው፤ ሁለቱ ይጣበቁና ሲላቀቁ ገጹ ይገፈፋል።

ዝናብ ላይ ግን ተራ ላቴክስ ከመጠን በላይ ሲጠጣ በኳሱና በመዳፉ መካከል ስስ ውሃ ይቆማል፣ ያንሸራትታል። ለዚያ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ የተሠራ የዝናብ ላቴክስ አለ፤ እሱን ደግሞ በደረቅ ቀን መልበስ ማባከን ነው።

«መዳፉ ሲወፍር ይሻላል» የሚባለውም እንደዚሁ ነው። የተለመደው አሠራር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ላቴክስ፣ ከሥሩ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ፎም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምቱ ይበርዳል፣ የኳሱ ስሜት ግን ይጠፋል፤ ጣት በሰዓቱ አይዘጋም። የመያዝ ብቃት ከላይ ካለው ገጽ እንጂ ከውፍረቱ አይመጣም።

«ጣት የሚከላከል ፕላስቲክ ያለው ጓንት ጣት አያስሰብርም» የሚለው ደግሞ አደገኛ ነው። በጣቶቹ ጀርባ የሚገባው ዘንግ አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ወደ ኋላ አይታጠፍም። ጠንካራ ምት ጣትን ወደ ኋላ እንዳይገለብጥ ያግዛል። ኳስ የጣትን ጫፍ በቀጥታ ሲመታ ወይም ጣት ወደ ጎን ሲጠመዘዝ ግን ብዙም አይረዳም፤ በረኞች በብዛት የሚጎዱት ደግሞ እንዲህም ነው። የዘንጉ መታጠፊያ ከጣቱ አንጓ ጋር ካልገጠመ ጣቱ በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ዘንጉ የሚወጣ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ጣቱ ከዚህ በፊት የተጎዳ ሰው ጎረቤት ከሆነው ጣት ጋር በፕላስተር አስሮ ከጓንቱ ሥር ቢለብስ ይደገፍለታል።

ማሰሪያውን ማጥበቅም የእጅ አንጓን ከመታጠፍ አያድንም፤ ላስቲክ ነው፣ ጓንቱን ከቦታው እንዳይለቅ ያደርጋል እንጂ።

«ባዶ እጅ ይሻላል» የሚሉ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት ፖርቱጋላዊውን ሪካርዶን ነው። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከእንግሊዝ ጋር በመለያ ምት ጓንቱን አውልቆ የዳሪየስ ቫሴልን ኳስ አዳነ፣ ቀጥሎም ራሱ አስቆጥሮ ፖርቱጋልን አሳለፈ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያዳነው ኳሱን ገፍቶ ነው። ለመግፋት የላቴክስ መያዝ አያስፈልግም። በተጨናነቀ የግብ ክልል ውስጥ ኳስ ከአየር ነጥቆ ደረት ላይ ማስቀረት ሌላ ሥራ ነው።

ጓንቱ መዳፍ ላይ ምራቅ መትፋት የሚሠራው እርጥበት ስለሆነ ብቻ ነው፤ ውሃ ይበልጠዋል።

የመጨረሻው «ሰፋ ያለ ጓንት ብዙ ይሸፍናል» ይባላል። ሰፊ ጓንት ኳሱን ይይዝ ይሆናል፤ እጁ ግን ጓንቱ ውስጥ ይንሸራተታል፣ ኳሱም አብሮ ያመልጣል። ከጣት ጫፍ እስከ ጓንቱ ጫፍ ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይበቃል። ለመለካት አውራ ጣትን ሳይጨምሩ የመዳፉን ዙሪያ ከጣቶቹ ሥር በኢንች መለካት፣ ክፍልፋይ ካለው ወደ ላይ ማጠጋጋት፣ ከዚያ አንድ መጨመር ነው፤ 8 ኢንች የወጣለት ሰው 9 ቁጥርን ይሞክር። ጓንቱ በጎን በኩል የሚጨንቀው ሰው፣ እያንዳንዱ ጣት በላቴክስ ከሚጠቀለልበት ዓይነት ይልቅ መዳፉ አንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ የሆነው ይስማማዋል፤ እሱ ሰፋ ይላል፣ የላቴክስ ንክኪው ግን ይቀንሳል።