ድህረ ቲቢ የሳንባ ሕመም ምንድን ነው?

በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለችው ደሴ ዳገቷ ብዙ ነው። የቲቢ መድኃኒቱን ስድስት ወር ሳያቋርጥ ውጦ፣ አክታው ተመርምሮ «ድነሃል» የተባለ ሰው ያንን ዳገት ሲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ግድግዳ እየተደገፈ ካልተነፈሰ መሄድ ሲያቅተው፣ ቤተሰቡ «ተመልሶበት ይሆን?» ብሎ መስጋቱ አይቀርም። ስጋቱ ተገቢ ቢሆንም ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ሌላ ምክንያት አለ፤ ባሲሉ፣ ማለትም የቲቢው ተህዋሲ፣ ሞቶ ሳንባው ግን ተጎድቶ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ቀድሞ በያዘ የሳንባ ቲቢ ሳቢያ፣ በከፊልም ቢሆን፣ የመጣ ዘላቂ የመተንፈሻ አካል ጉዳት፣ ምልክት ኖረውም አልኖረውም፣ ድህረ ቲቢ የሳንባ ሕመም ይባላል።

ጉዳቱን የሚያደርሰው ባሲሉ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት ባሲሉን ሲዋጋ የራሱንም ሳንባ ያቆስላል። ቁስሉ ሲሽር ጠባሳው ሳንባውን ያኮማትረዋል፣ አንዳንዱ የአየር ቧንቧ ይጠባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ሰፍቶ አክታ ይቋጥራል፣ ባዶ ጉድጓድም ሊቀር ይችላል። በአምስት የላቲን አሜሪካ ከተሞች ዕድሜያቸው 40 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ቀድሞ ቲቢ ከያዛቸው መካከል 30.7 በመቶው የአየር ቧንቧ መጥበብ ሲገኝባቸው፣ ካልያዛቸው መካከል የተገኘባቸው 13.9 በመቶ ነበሩ።

ምርመራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ጂን ኤክስፐርት የተባለው የአክታ ምርመራ የሚፈልገው የባሲሉን የዘር ቅንጣት ስለሆነና የሞተ ባሲል ቅንጣትም ከሕክምና በኋላ ለረጅም ጊዜ አክታ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ቲቢ ታክሞ ለዳነ ሰው «ፖዘቲቭ» የሚል ውጤት ብቻውን በሽታው ለማገርሸቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሚያድገው ሕያው ባሲል ብቻ የሆነበት የካልቸር ምርመራ ሳምንታት ቢወስድም ይህንን ይለያል። ራጅም ጠባሳን ከአዲስ ቁስል የሚለየው ከቀድሞው ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ነውና፣ ሕክምናው ሲያልቅ የተነሳውን የራጅ ፊልም በፖስታው አድርጎ ማስቀመጥ ትልቅ ጥቅም አለው።

የጉዳቱን መጠን የሚለካው ስፓይሮሜትሪ ነው። ታካሚው አፍንጫው በመቆንጠጫ ተይዞ፣ ሳንባውን በአየር ሞልቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ እፍ ይላል፤ ባለሙያውም «ግፋ፣ ግፋ፣ አታቋርጥ» እያለ ትንፋሹ እስኪያልቅ፣ ስድስት ሰከንድ ያህል ያስነፋዋል። ቧንቧን የሚያሰፋው ሳልቡታሞል የተባለ መድኃኒት ከተሳበ በኋላም በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው 70 በመቶ በታች ከሆነ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ጠቅላላው አየር አንሶ የመጀመሪያው ሰከንድ ድርሻ ደህና ከሆነ ደግሞ የሚጠረጠረው የሳንባው መኮማተር ነው።

ባሲሉ ከሌለ የቲቢን መድኃኒት ደግሞ መጀመር ጉበትን በከንቱ ከማስቸገር በቀር አይፈይድም። ቧንቧው ለጠበበበት የሚሳብ መድኃኒት፣ አክታ ለሚቋጥርበት የአክታ ማውጫ ልምምድ፣ ለሁሉም ቀስ በቀስ የሚጨምር የእግር ጉዞ፣ ከሲጋራና ከማገዶ ጭስ መራቅ ይረዳል። ደም የቀላቀለ አክታ ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በእኔ እምነት ስፓይሮሜትሪው መደረግ ያለበት ታካሚው ዳገት ላይ መቆም ከጀመረ በኋላ ሳይሆን፣ የመጨረሻውን ኪኒን በዋጠበት ሳምንት ነው።