በጅማ ትልቁ የጦር ማዕረግ፦ ከአባ ዱላ እስከ ፊልድ ማርሻል

ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ የወታደር ወሬ ከተነሳ ጨዋታው ቶሎ ለሁለት ይከፈላል። ወጣቱ በትከሻ ላይ ስለሚደረደር ኮከብ ያወራል። ሽማግሌው ስለ ፈረስ። ሁለቱንም አንድ ላይ ያስቀመጠ ጽሑፍ እንደልብ ስለማይገኝ፣ ከአገራችን ከጅማ ተነስተን የአንድ የጦር ሰው የመጨረሻው ማዕረግ ምን እንደነበርና ዛሬ ምን እንደሆነ እንይ።

መነሻው አባ ዱላ ነው። ዱላ በኦሮምኛ ዘመቻ፣ ጦርነት ማለት ነው። አባ ዱላ ደግሞ የዘመቻው አባት፣ የጦሩ መሪ። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ የጦር መሪነቱም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው። በጊቤ አካባቢ ግን ነገሩ ተቀየረ። በዘመቻ ስም ያወጡና ሀብት ያፈሩ የጦር መሪዎች ሥልጣኑን ከእጃቸው አላወጡትም። ለልጆቻቸው አወረሱት። ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ በዚህ መንገድ መንግሥት ሆኑ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1830 ገደማ ጀምሮ ጅማን የገዙት ቀዳማዊ አባ ጅፋርም ከዚህ ዓይነት የጦር ሰዎች ወገን ናቸው። ስለዚህ በኛ አገር የወታደር የመጨረሻው ማዕረግ አንድ ጊዜ ዙፋን ሆኖ ያውቃል ማለት ይቻላል።

አባ ጅፋር ራሱ የጦር ስም ነው። ጅፋር ፈረሳቸው ነው። የቀዳማዊው የተጸውዖ ስም ሰና ነበር፣ የዳግማዊው ቱሉ። ጦረኛ ሰው ስሙ ከፈረሱ ጋር ከተጠራ ትልቅ ክብር ነው። ይህ ወግ በመላው ኢትዮጵያ ተስፋፍቷል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል። በሌላው አገር የፈረስ ስም ከዋናው ስም ጎን የሚቆም ነው። በጅማ ግን ዋናውን ስም ዋጠው። ዛሬም የጅማን ሰው ስም ዝርዝር ብታዩ አባፊጣ፣ አባገሮ፣ አባመጫ፣ አባቡልጉ እያለ ይሄዳል። ከተማው ውስጥ ያለው የእግር ኳስ ክለብ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪምየር ሊጉን ሲያነሳም የተጨፈረው በፈረስ ስም ነበር።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የጅማ አስተዳደር በደንብ የተዋቀረ ነበር። አገሩ በአባ ቆሮዎች ሥር ተከፋፍሏል። ዘመቻ ሲታወጅ አባ ቆሮው የግዛቱን ሰው ይዞ ይነሳል። ድንበሩ ላይ ሞጋ የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት አለ። መግቢያው ኬላ ነው፣ ጠባቂው አባ ኬላ። ከዚህ ሁሉ በላይ ንጉሡ አሉ። ቤተ መንግሥታቸው ጅሬን ኮረብታ ላይ ዛሬም ቆሞ ይታያል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ያለ ጦርነት ገበሩ። ምክሩ የእናታቸው የገኔ ጉሚቲ እንደነበር ይነገራል። በዚህም የውስጥ አስተዳደራቸውን ጠብቀው ለብዙ አሥርት ዓመታት ቆዩ። ይህ አርቆ ማየት ነው፤ ብዙ አገር ሲቃጠል ጅማ ገበያዋን አላጠፋችም። በሌላ በኩል የጅማ ጦር ከምኒልክ ጋር ወላይታና ከፋ ድረስ ዘምቷል። ይህን አንዳንዱ አጋርነት ይለዋል፣ አንዳንዱ ግዴታ። ምናልባት ሁለቱም አለበት።

ጅማ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ስትተሳሰር የአማርኛው ማዕረግም ገባ። ይህን ማዕረግ ለመረዳት የጦር ሰፈሩን አቀማመጥ ማሰብ ነው። ግራዝማች የግራው አዝማች ነው። ቀኛዝማች የቀኙ። ፊታውራሪ ከፊት ሆኖ መንገድ የሚከፍተው። ደጃዝማች የደጁ አዝማች፣ ማለትም ከንጉሡ ድንኳን ደጅ ያለውን ዋናውን ጦር የሚያዘው። ራስ ከሁሉም በላይ ነው። ከራስ በላይ ቢትወደድ ተጨምሮበት ራስ ቢትወደድ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንጉሥነት ነው።

ግን ማዕረግና ጉልበት ሁልጊዜ እኩል አይሄዱም። ለዚህ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተሻለ ምሳሌ የለም። በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ የሳቸው ሆነ። እስከሞቱበት እስከ 1919 ዓ.ም. አለቀቁትም። በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት የሸዋን ጦር የመሩት እሳቸው ናቸው። አንድም ቀን ራስ አልተባሉም፣ ግን ስንት ራስ ይፈራቸው ነበር። ሕዝቡ አባ መላ ይላቸዋል። እሳቸው ከያዙት በኋላ ፊታውራሪ የሚለው ስም ራሱ ከበደ።

ከጅማ በቅርብ ርቀት የራስነት ዘመን አንድ መራራ ቀን አሳልፏል። ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ከጎሬ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍጉ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ ላይ በጣሊያኖች እጅ ወደቁ። ጣሊያን ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። ከተማዋ ነፃ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው።

የዘመናዊው መኮንን ማዕረግ ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ጋር ይያያዛል። ትምህርት ቤቱ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች ተጀመረ። ከነፃነት በኋላ አዲሱ መሰላል ተዘረጋ፦ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮሎኔል፣ ከዚያ ጄኔራሎቹ። ለጥቂት ጊዜ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ሄዱ። አርበኛው ራስ አበበ አረጋይ ራስ እንደተባሉ የጦር ሚኒስትር ነበሩ።

በደርግ ጊዜ ራስና ደጃዝማች የሚሾም ጠፋ። የደርግ የመጀመሪያው ሊቀመንበር አማን አንዶም ሌተና ጄኔራል ነበሩ። በኋላ ግን አገሩንም ጦሩንም ያዘዙት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከሌተና ኮሎኔል አላለፉም። ጄኔራሎች ለኮሎኔል ሰላምታ ሰጡ። አባ መላን ያስታውሳል፣ ጉዳዩ ሌላ ቢሆንም።

ዛሬ የጄኔራልነት ደረጃ ከብርጋዴር ጄኔራል ይጀምራል። ቀጥሎ ሜጀር ጄኔራል፣ ሌተና ጄኔራል፣ ከዚያ ሕዝቡ "ሙሉ ጄኔራል" የሚለው ጄኔራል። ከዚህ በላይ ያለው ፊልድ ማርሻል ብቻ ነው። ታኅሣሥ 30 ቀን 2014 ዓ.ም. በወቅቱ ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም የነበሩት ብርሃኑ ጁላ ይህን ማዕረግ ተቀበሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፊልድ ማርሻል ይባላሉ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1957 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የክብር ፊልድ ማርሻልነት አግኝተዋል። ያ ግን ለንጉሠ ነገሥት የተሰጠ ክብር ነው። ከታች ተነስቶ በውትድርና መሰላል እዚያ መድረስ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ሰው ሁልጊዜ የሚያምታታው ነገር አለ። ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም ማዕረግ አይደለም። የሥራ ቦታ ነው። ሹሙ ሲነሳ ቦታውን ያስረክባል፣ ማዕረጉ ግን አብሮት ይሄዳል። ማዕረጉንስ ማን ይሰጣል? በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 መሠረት ከፍተኛ የጦር ማዕረግ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። ስሙን የሚያቀርበው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም ያው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው፣ ትከሻው ላይ አንድም ኮከብ ሳይኖር።