«ኮድ የወጣት ሥራ ነው» እና ሌሎች የማልስማማባቸው ወሬዎች

ደሴ ላይ «ሶፍትዌር ነው የምሠራው» ስል ብዙ ጊዜ የሚመጣልኝ መልስ «እንግዲያው ፕሪንተራችን እምቢ ብሏል፣ እስቲ እየው» የሚል ነው። አያለሁ። አንዳንዴ ሶኬቱ ተነቅሎ አገኘዋለሁ። ስለ ሥራው የሚወሩት ሌሎች ነገሮች ግን እንደ ፕሪንተሩ በቀላሉ አይስተካከሉም። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚመረቁ ልጆች ሳይቀሩ ይዘዋቸው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ እውነት ነው እንዴ?» ይሉኛል። የምመልስላቸው ይህንን ነው። የፈረንጅ ፈጠራዎችን የማነሳባቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ኮድ የወጣት ሥራ ነው፤ ከአርባ በኋላ አይሆንም»

ዓይን ይደክማል፣ እሱ እውነት ነው። መነጽር ይገዛለታል። ወጣቶቹ ኮዱን፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ የሚሰጠውን ትእዛዝ፣ ከእኔ ቶሎ እንደሚጽፉም አልክድም። ግን ሲስተም ወድቆ ደንበኛ ተሰልፎ ሲጮህ የሚፈለገው ቶሎ የሚጽፍ ሰው አይደለም፤ የት ማየት እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ነው። ኬን ቶምሰን በ1969 ዩኒክስ የሚባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን መሠረታዊ ፕሮግራም) ከጀመሩት አንዱ ነው። ጎ የሚባለውን የኮድ መጻፊያ ቋንቋ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ2009 ሲያወጣ 66 ዓመቱ ነበር። እኛ ዘንድ በዚያ ዕድሜ ጡረታ ተወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል።

«አዲስ የወጣውን ሁሉ ካልተማርክ አለቀልህ»

ሲ በ1972 አካባቢ የተሠራ ቋንቋ ነው። የመረጃ ቋት የምንጠይቅበት ኤስኪውኤልም የ1970ዎቹ ልጅ ነው። ዛሬ የአንዱን ሱፐርማርኬት የሽያጭ ሲስተም ብትከፍቱት ታች ኤስኪውኤል ተቀምጦ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው። ቶሎ የሚያረጀው ላይ ላዩ ነው። ፍሬምወርክ (ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኮድ ማዕቀፍ) ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አብሽሩ፤ መጀመሪያ ዳታቤዝን (የመረጃ ቋትን)፣ ኔትወርክን፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በደንብ እወቁ። የቀረው ሥራ ላይ ይለመዳል።

«ዋናው ሥራ ኮድ መጻፍ ነው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው በዚህ ነው።

ሰኞ ገበያ ላይ ያለ አንድ ጅምላ ነጋዴ «ዱቤ የሚይዝልኝ ሲስተም ሥራልኝ» አለ እንበል። ልጁ ላፕቶፑን ከፍቶ ይጀምራል። የተበዳሪ ስም፣ ስልክ፣ የብር መጠን፣ የመክፈያ ቀን። ቆንጆ አድርጎ ያስረክባል። ብዙም ሳይቆይ ነጋዴው ወደ ደብተሩ ይመለሳል። ልጁም «ሰዉ ቴክኖሎጂ አይገባውም» ይላል።

ደብተሩን ቀድሞ ገልጦ ቢያየው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የመክፈያው ቀን «ለመስቀል» ይላል። አንዱ ጋ «ጤፉ ሲወቃ»። ሌላው ጋ «ለአረፋ»። መስቀል መስከረም 17 ስለሆነ ችግር የለውም። አረፋ ግን በጨረቃ ነው። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይመጣል። ቁርጥ ያለ ቀን ካላስገባህ አላልፍም የሚል ፎርም እንዲህ ዓይነት ገበያ ላይ እንዴት ይሠራል? ዋስ የሆነው ሰው ስምም ደብተሩ ላይ አለ፤ ሲስተሙ ላይ ቦታ የለውም። ከዕዳው ግማሹን በእህል የከፈለም አለ።

ሌላው ዘመን አቆጣጠራችን ነው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም አሥራ ሦስተኛ ወር ሲሰጡት «ስህተት» ብሎ ይመልሳል። ራሳችን የሠራነውም ጳጉሜ 6 ላይ የሚወላገድበት ጊዜ አለ፤ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ ማንም አይሞክረውም። የመጨረሻው በ2015 ነበር፤ ቀጣዩ በ2019 ነው። ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ ሲስተሙ እምቢ ስላለ ብቻ መስከረም 1 ተወለደ ተብሎ ሊመዘገብ ነው ማለት ነው። ሰዓቱም አለ። ሐኪም ቤት «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ የቀጠረውን ታካሚ ሲስተሙ ሌሊት ለስምንት ካስያዘው ጥፋቱ የታካሚው አይደለም።

የስሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። ወሎ ውስጥ ስንት መሐመድ እንዳለ ታውቃላችሁ። አንዱ ጸሐፊ መሐመድ፣ ሌላው መሀመድ፣ ሦስተኛው ሙሃመድ ብሎ ይጽፈዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚያውቁበት የጋራ ዝርዝር ውስጥ፣ የገባው በ1999 ነው፤ እያንዳንዱ ፊደልም የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ስለዚህ ለእኛ አንድ ድምፅ የሆኑት ሀ፣ ሐ እና ኀ ለኮምፒውተሩ ባዕዳን ናቸው። ሲፈለግ እንዲገናኙ አድርጎ ያላዘጋጀ ሰው የሰውየውን ፋይል አያገኘውም። አዲስ ይከፍትለታል። ከዚያ አንዱ መሐመድ ሦስት ሰው ይሆናል።

ይህ ሁሉ ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ከመቀመጥ በፊት የሚያልቅ ሥራ ነው። ቡና ጠጥቶ፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሲሠራ አይቶ። እኔ ለዚህ ጊዜ አስከፍላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ይደነግጣል።

«ሥራው ከዘገየ ሰው ጨምርበት»

ይሄ ከደቦ የመጣ ይመስለኛል። ለአጨዳ ልክ ነው፤ እርሻው ተከፋፍሎ ሁሉም በየፊናው ያጭዳል። ሶፍትዌር ላይ ግን የአንዱ ሥራ ከሌላው ጋር ተጣብቋል። ሦስት ሰው ሲሆን መነጋገር ያለባቸው ጥንዶች ሦስት ናቸው። አሥር ሲሆን 45። አዲሱ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሥራውን የሚያስረዳው ያው የተጨናነቀው ሰው ነው። የአይቢኤምን ትልቅ ፕሮጀክት የመራው ፍሬድ ብሩክስ ይህን በ1975 ጽፎታል። አለቆች ግን አሁንም ሰው ይጨምራሉ።

«ሌሊቱን የሚያድር ነው ጎበዙ»

አይደለም። ሌሊት የተጻፈውን ጠዋት የሚያርመው ሰው ነው የሚያውቀው።

«ፍላሽ ላይ ገልብጫለሁ፤ ባክአፕ አለኝ»

ፍላሹ የት ነው ያለው? ከኮምፒውተሩ ሥር ያለው መሳቢያ ውስጥ! በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ቢሮ ተዘርፏል፣ ሰነድ ተቃጥሏል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ከነፍላሹ አብሮ ነው የሚሄደው። በእኛ ሙያ የታወቀ ልማድ አለ። ሦስት ቅጂ ይኑርህ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ፣ ሌላ ቦታ ይሁን። ሌላም አለ፤ ቅጂው በእርግጥ እንደሚከፈት በየጊዜው መሞከር። መልሰህ ከፍተህ ያላየኸውን አለኝ አትበል። ይህን ስናገር «ሟርተኛ» የሚሉኝ አሉ።

«ኤአይ መጥቷል፤ ፕሮግራመር አበቃለት»

ቻትጂፒቲ የሚባለው የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ፕሮግራም በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ በጣም የምጠየቀው ይህንን ነው። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ፤ አሰልቺውን ሥራ ይቀንስልኛል። ግን ይህ ተስፋ አዲስ አይደለም። ኮቦል የሚባለው የኮድ መጻፊያ ቋንቋ በ1959 ሲነደፍ እንግሊዝኛ እንዲመስል የተደረገው የቢሮ ሰዎችም አንብበው እንዲረዱት ጭምር ነበር። ሥራው አልጠፋም፣ በዛ እንጂ። ኤአይ «የዱቤ ሲስተም ሥራልኝ» ሲሉት ይሠራል፤ ደብተሩን ግን አላየም። የቀን መቀየሪያ ኮድ ጻፍልኝ ብላችሁ ጠይቁትና በጳጉሜ 6 ፈትኑት። አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። መውደቁን የሚያውቅ ሰው እስካስፈለገ ድረስ ደመወዝ አለ።

ጀማሪዎቹ የሚሰጉበትን ግን አላቃልልም። ድሮ ለአዲስ ተመራቂ ይሰጥ የነበረው ቀላል ሥራ አሁን ለማሽኑ ይሰጣል። ታዲያ የት ይለማመዱ? አለቆች ይህን ካላሰቡበት ከዓመታት በኋላ ልምድ ያለው ሰው ከየት ሊያመጡ ነው?

«ሥራ ያለው አዲስ አበባ ብቻ ነው»

ይሄኛው ግማሽ እውነት አለው። የሚቀጥሩት ድርጅቶች አብዛኞቹ እዚያ ናቸው፤ እኛ ጋ መብራት ሲጠፋ ኢንተርኔቱም ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ከደሴ ሆኖ ለሌላ ከተማ መሥራት ይቻላል፤ ባትሪና ሁለተኛ ሲም ካርድ ግን ግድ ነው። ኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ፣ ሐይቅ ያለው ሆቴል፣ ሰኞ ገበያ ያለው ነጋዴ ሁሉም ሲስተም ይፈልጋሉ። ክፍያቸው አነስ ይላል፤ አንዳንዴም ይዘገያል። ቅድሚያ ግማሹን ተቀበሉ። ለተመራቂ ሁለት ሦስት ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ ከሚበልጡት ሰዎች ጋር መሥራት ጥሩ ነው ብዬ አምናለሁ። ከመሄዱ በፊት ግን የቤት ኪራዩን ከደመወዙ ላይ ቀንሶ የሚተርፈውን ይይ።