መልሶ የሚያለማ እርሻ ምንድን ነው?

ባጭሩ፣ ምርት በተሰበሰበ ቁጥር መሬቱ እየደከመ እንዳይሄድ፣ እንዲያውም ካምናው ዘንድሮ እየለማ እንዲሄድ አድርጎ ማረስ ነው። ዋናው ግብዓት ዝናብ፣ ቅጠል፣ በጠጥ፣ አመድና ጉልበት ነው። ለዚህም ነው ባዶ እጁን ለመጣ ሰው የሚሆነው።

ቢዲቢዲን እንይ። ሰሜን ምዕራብ ኡጋንዳ የሚገኝ የስደተኞች መንደር ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲያገረሽ ተከፈተና በጥቂት ወራት ከ200 ሺህ በላይ ሰው ገባበት። ኡጋንዳ ስደተኛን አጥር ውስጥ አትዘጋም፤ የ2006 እ.ኤ.አ. ሕጓ የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት ይሰጠዋል፣ ቁራሽ መሬትም ይደርሰዋል። ቢዲቢዲ ላይ ለአንድ ቤተሰብ የተሰጠው 30 በ30 ሜትር ነበር። ጎጆውም፣ መጸዳጃውም፣ ጓሮውም እዚያው ላይ። ብዙው ቦታ ድንጋያማ ነው። ለስደተኛው የሚታደለው የእርዳታ እህል፣ ራሽኑ፣ ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. በ30 በመቶ ተቀነሰ፣ ከዚያም ወዲህ እንደገና። እንግዲህ ከዚህች ጓሮ ምን ይወጣል?

መጀመሪያ ውሃውን ማስቆም ነው። ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አናታቸው ላይ ይታሰራሉ፣ መሃላቸው አንድ አግዳሚ ይታሰራል፣ ከአናታቸው ድንጋይ የተንጠለጠለበት ገመድ ይወርዳል። ገመዱ የአግዳሚውን መሃል ሲነካ ሁለቱ እግሮች እኩል ከፍታ ላይ ቆመዋል ማለት ነው። እዚያ ችካል ይተከላል፣ አንዱ እግር ዞሮ ወደፊት ይራመዳል፣ እንደገና ይለካል፣ እንዲህ እየተባለ ተዳፋቱ ከዳር እስከ ዳር በችካል ይሰመርና መስመሩን ተከትሎ ቦይ ይቆፈራል። አፈር ጠርጎ ይወርድ የነበረው ጎርፍ ቦዩ ውስጥ ቆሞ ይሰርጋል። የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባዋል።

ከዚያ ብስባሽ፣ ማለትም አፈሩን የሚያዳብር የበሰበሰ ቅጠልና በጠጥ። ደረቅ ሣር፣ እርጥብ ቅጠል፣ በጠጥና ትንሽ አመድ እየተነባበረ ይከመራል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ መሃሉ ላይ እንጨት ይሰካል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱን መዘዝ አድርጋችሁ ንኩት። ትኩስና እርጥብ ከሆነ እየበሰለ ነው። ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል። ከቀዘቀዘ ተገልብጦ እንደገና ይከመራል። ለመድረስ 3 ወር ገደማ ይፈጅበታል። መደቡ ደግሞ ራቁቱን አይተውም፣ ሣር ይጎዘጎዝበታል። በቆሎ፣ አደንጓሬና ዱባ አብረው ይዘራሉ፤ የዱባው ቅጠል አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል።

ስልጠናው ግን ለእኔ የነገሩ ልብ ነው። አንድ ሰው ይማራል፣ ጓሮው ማሳያ ይሆናል፣ ጎረቤቶቹ እዚያው እየቆፈሩ ይማራሉ። የአገሬው ገበሬም አብሮ ይሰለጥናል፣ መሆንም አለበት። መሬቱ የእሱ ነው፤ ስደተኛው ተጨማሪ ማሳ ቢፈልግ የሚለምነው እሱን ነው። ደግሞም አገሩ ሰላም ሆኖ ለሚመለስ ሰው ጓሮው ይቀራል፣ እጁ የለመደው ግን አብሮት ይሄዳል።

ሳልደብቅ ልንገራችሁ፣ 900 ካሬ ሜትር ቤተሰብ አይቀልብም። ራሽንን አይተካም፤ ራሽን የሚቀንሱ ሰዎችም ይህን ሰበብ ማድረግ የለባቸውም። የሚያመጣው የወጥ ጎመን፣ ባሚያ፣ ሲተርፍ ደግሞ ለሳሙናና ለደብተር የሚሆን ሽያጭ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝናብ የለም፣ የቧንቧው ውሃ ለመጠጥ ነው። ያን ጊዜ እቃ የታጠበበት ውሃ አይደፋም፤ በጣሳ እየተቀዳ ከጎመኑ ሥር፣ ከጉዝጓዙ በታች ይፈሳል።