ፍራተርኒቲ መግባት መሪ ያደርጋል ወይስ ሰካራም? የምንሳሳትባቸው ነገሮች

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ልጅ «ፍራተርኒቲ ልገባ ነው» ሲል ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይደነግጣል። አይፈረድባቸውም፤ ፊልም ላይ ያዩት መጠጥና ጭፈራ ነው። ፍራተርኒቲ የወንድ ተማሪዎች፣ ሶሮሪቲ የሴት ተማሪዎች ማኅበር ነው፤ አብዛኞቹ ስማቸው ከግሪክ ፊደላት የተወሰደ ነው። ልጆቹም ወላጆቹም ስለ መሪነት ሲያወሩ ግን የሚሳሳቱት ነገር አለ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

«ሥራቸው ፓርቲ ብቻ ነው»

ፓርቲ የለም አልልም፣ አለ። ግን ዲሲ ያላችሁ እንግዳ ሲመጣ የምትወስዱት የማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ የማን ሐሳብ እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአልፋ ፋይ አልፋ። በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ የጥቁር ተማሪዎች ፍራተርኒቲ ነው፣ ኪንግም አባሉ ነበር። ሐሳቡ በ1984 ተነሳ፣ ኮንግረስ በ1996 ፈቀደ፣ መታሰቢያው በ2011 ተመረቀ። 27 ዓመት ሙሉ ገንዘብ መለመን፣ ደብዳቤ መጻፍ፣ አለመሰልቸት። እኔ መሪነት የምለው ይሄንን ነው።

ዴልታ ሲግማ ቴታ የሚባለውን ሶሮሪቲ ደግሞ በ1913 ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 22 ሴት ተማሪዎች መሠረቱት። ሁለት ወር ሳይሞላቸው የሴቶችን የመምረጥ መብት ለመጠየቅ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጡ።

«መሪው ፕሬዚዳንቱ ነው»

ሲቪ ላይ አዎ፣ ያምራል። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ብዙ የሚማረው ገንዘብ ያዡ ነው። አስቡት፤ የ20 ዓመት ልጅ የአባላቱን መዋጮ ይሰበስባል፣ በጀት ያወጣል፣ ከዚያ አብሮት የሚበላ የሚጠጣ ጓደኛው ሁለት ወር ሳይከፍል ቀርቶ «ወንድሜ አይደለህ እንዴ፣ እለፈኝ» ይለዋል። ካለፈው ሌሎቹም መክፈል ያቆማሉ፣ ካላለፈው ጓደኛው ይቀየመዋል። ለብቻው ጠርቶ፣ ሳያዋርደው፣ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እንዲከፍል ማስማማት አለበት። ይሄንን የትኛው ክፍል ውስጥ ያስተምሩታል? አዲስ አባላትን የሚያሠለጥነውም፣ የበጎ አድራጎቱን ሥራ የምታስተባብረውም እንደዚሁ ናቸው። ሹመት የሌለው አባልም ቢሆን ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ይሄ ልክ አይደለም» ካለ እየመራ ነው።

«አንድ ሳምንት ሥልጠና ከሄደ በቃው»

ሥልጠናው ጥሩ ነው። የፍራተርኒቲ አባል ያልሆነ ተማሪም የሚካፈልበት ሊደርሼፕ (LeaderShape) የተባለው የመሪነት ሥልጠና እንኳ በ1986 የተጀመረው አልፋ ታው ኦሜጋ በሚባል ፍራተርኒቲ ነው። ግን ልጁ ተመልሶ ሲመጣ የሚሠራበት ኃላፊነት ካልተሰጠው፣ ሲሳሳትም ቁጭ ብሎ የሚያነጋግረው ታላቅ ከሌለው፣ ደብተሩ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

«ሄዚንግ ያጠነክራል»

ይሄ ያናድደኛል። ሄዚንግ ማለት አዲስ ገቢን «ለመፈተን» ማዋረድ፣ መደብደብ፣ በግድ ማጠጣት ነው። ልጆች ሞተውበታል። «እኛም አልፈንበታል» የሚሉት ሰዎች የተማሩት መታዘዝን ነው፣ መምራትን አይደለም። አንድ ልጅ ጠጥቶ ራሱን ሲስት «ተኝቶ ይለቀዋል» ሲሉ ብድግ ብሎ 911 የሚደውለው ነው መሪው፤ ማኅበሩ እንደሚቀጣ እያወቀም ቢሆን። በታኅሣሥ 2024 የወጣው የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች ሄዚንግን መዝግበው ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል።

«ሲመረቁ ያበቃል»

በጥቁሮቹ ማኅበራት በተለይ አያበቃም። የተመረቁት የራሳቸው ቻፕተር (ቅርንጫፍ) አላቸው፤ ካማላ ሃሪስ በ1986 ሃዋርድ ሳለች የገባችበት አልፋ ካፓ አልፋ የሚባል ሶሮሪቲ ብዙ አባላት በ2020 ምርጫ ከጎኗ ቆመው ነበር።

እና ልጃችሁ «ልገባ ነው» ካለ ወዲያው አትቆጡ። ይልቅ ሁለት ነገር ጠይቆ እንዲመጣ ንገሩት፦ በመጀመሪያው ዓመት ምን ኃላፊነት ይሰጡታል? ኮሌጁ ያወጣው የሄዚንግ ሪፖርት ላይስ የዚህ ቻፕተር ስም አለ?