በወሎ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎች የሚያገኙት የመንግሥት ድጋፍና የወጪ መጋራት

በወሎ ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ በአብዛኛው በእጅ የሚሰጥ ገንዘብ ሳይሆን በመኝታ፣ በምግብና በትምህርት መልክ የሚቀርብ አገልግሎት ነው። ከወጪው የተወሰነውን ተማሪው ተመርቆ ገቢ ሲያገኝ እንዲመልስ ስለሚገደድ፣ አሠራሩ ከፊሉ ድጎማ ከፊሉ ብድር ነው።

በአካባቢው ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። ቀዳሚው በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተውና በደሴና በኮምቦልቻ ግቢዎች ያሉት ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ተከትሎታል፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ያስተምራል። ተማሪዎችን የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር በመሆኑ የደላንታ ልጅ ጅማ፣ የጋምቤላ ልጅ ደሴ ሊደርሰው ይችላል። ዘመድ በሌለበት ከተማ ቤት ተከራይቶ መማር ለአብዛኛው የገበሬ ቤተሰብ የማይታሰብ ነውና፣ የዶርም አልጋ ባይኖር ምደባው ራሱ ትርጉም ባጣ ነበር።

የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ለረጅም ዘመን ያለ ክፍያ ሲሰጥ ከቆየ በኋላ በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 91 ወጪ መጋራትን አስጀመረ፤ በ2000 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 154 ተከተለው። በሥርዓቱ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል። የቀረውን፣ ማለትም የትልቁን የማስተማሪያ ወጪ አብዛኛውን ክፍል፣ መንግሥት ይሸፍነዋል።

ግዴታው የሚጸናው ተማሪው በሚፈርመው የወጪ መጋራት ውል ነው። በቅጹ ላይ ፎቶግራፉ ይለጠፋል፤ ሙሉ ስሙ፣ የእናቱ ስም፣ ያጠናቀቀበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና የሚማርበት ክፍል ይሞላል፤ አገልግሎቱን በዓይነት ወይም በገንዘብ እንደሚወስድም ይመርጣል። ካፌ የማይመገበው፣ ተማሪዎች «ነን ካፌ» የሚሉት፣ የምግቡን ድርሻ በብር ይቀበላል። ወረቀቱ በምዝገባ ግርግር መካከል ሳይነበብ መፈረሙ የተለመደ ነው፤ የዓመታት ዕዳ የሚመዘገብበት ሰነድ ግን ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ ይገባው ነበር።

የምግብ በጀቱ ለዓመታት ከኑሮ ውድነቱ ኋላ የቀረ ነበር። ለአንድ ተማሪ በቀን የሚመደበው 22 ብር በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ዕርምጃው የዘገየ ቢሆንም አስፈላጊ ነበር፤ በ22 ብር ቁርስ፣ ምሳና እራት ማብላት ለየትኛውም ወጥ ቤት የሚሞከር አልነበረም። ይሁን እንጂ ምግቡ ሙሉ በሙሉ በተማሪው ድርሻ ውስጥ የሚታሰብ እስከሆነ ድረስ ጭማሪው ዕዳውንም ከፍ ማድረጉ አይቀርም።

ድጋፉ የማይደርስባቸው ወጪዎችም አሉ። የመንገድ ትራንስፖርት፣ ልብስ፣ ሳሙና፣ የንጽሕና መጠበቂያና የፎቶ ኮፒ ክፍያ ቤተሰብ ላይ ይወድቃሉ። ከወረኢሉ ወይም ከዋድላ የሚነሳ ልጅ በሻንጣው በሶና ቆሎ ይዞ፣ ለመንገዱ በግ ወይም ፍየል ተሽጦለት መሄዱ ብርቅ አይደለም። የድጋፍ ሥርዓቱ ትልቁ ክፍተት እዚህ ላይ ነው፤ አልጋና ምግብ ተዘጋጅቶለት ለኪስ የሚሆን ጥቂት ብር በማጣት የሚቸገር ተማሪ አለ።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ወሎ ሲደርስ የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ከባድ ጉዳትም ደርሶባቸዋል። ድጋፉ በአገልግሎት መልክ የሚሰጥ በመሆኑ የሕንፃና የቁሳቁስ ውድመት በቀጥታ የተማሪውን ጥቅም ይነካል።

ዕዳው የሚከፈለው ከደመወዝ ላይ በአሠሪው አማካይነት እየተቆረጠ ነው። መምህርነትን በመሰሉ መንግሥት በሚመርጣቸው ሙያዎች የተሰማሩ ተመራቂዎች ግዴታቸውን በአገልግሎት ሊወጡ ይችላሉ። በግል ሥራ የሚተዳደር ተመራቂ ግን ደመወዙን የሚቆርጥለት አሠሪ ስለሌለው ራሱ ወደ ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ሄዶ መክፈል ይኖርበታል።