አህያዋ ለምን ተበላች? ስለ ልጆች ተረት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደሴ ውስጥ ተረትን የሚቃወም ወላጅ እምብዛም አታገኙም። አብዛኛው «ልጅን ያንጻል» ይላል። እንዴት ነው የሚያንጸው ሲባል ግን ልክ ያልሆኑ ብዙ ነገሮች ይነገራሉ። አንዳንዶቹ እንዲያውም የተረቱን ጥቅም ያሳጣሉ። ፒያሳም ሆነ ሆጤ፣ ወደ ታች ወርዶም ኮምቦልቻ፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ተረት ውስጥ ሁልጊዜ ደግ ያሸንፋል»

ከሁሉም በላይ የሚነገረው ይሄ ነው። ከሁሉም በላይ የተሳሳተውም ይሄው ነው።

ያደግንባቸውን ተረቶች እስቲ ረጋ ብላችሁ አስታውሱ። አያ ጅቦ ከወንዙ ላይኛው በኩል ሆኖ ውሃ ይጠጣል። አህያ ከታች በኩል ትጠጣለች። ጅቡ ቀና ብሎ «ውሃውን አታደፍርሽብኝ!» ይላታል። ውሃ ሽቅብ አይፈስም። እሷም ታውቃለች፣ እሱም ያውቃል። መልሷ አጭር ነው፦ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ።» በላት። ተረቱ አለቀ።

ሌላም አለ። በአገሩ ድርቅ ይገባል። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ይሰበሰቡና «ይህ መዓት የመጣው ከመካከላችን ኃጢአተኛ ስላለ ነው፤ እንናዘዝ» ይባባላሉ። አንበሳ የሰው በሬ ሰብሮ መብላቱን ይናገራል። ሌሎቹ «ይሄማ ምኑ ኃጢአት ነው!» ይሉታል። ነብር ፍየል መብላቱን ይናገራል። እሱም ነጻ ወጣ። ጅብም እንደዚያው። አህያ ተራዋ ሲደርስ «ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ከሰው ጋር ሲጫወት፣ ከመንገዱ ዳር ትንሽ ሣር ነጭቻለሁ» አለች። «መዓቱን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ!» ብለው ተቀራመቷት።

የት አለ እዚህ ውስጥ የደግ ድል? የለም። ታዲያ ልጅ ምን ይማርበታል?

ይህን ተረት ለልጆች ስታወሩ ፊታቸውን ተመልከቱ። ይናደዳሉ። «ውሃ እኮ ወደ ታች ነው የሚፈሰው!» ብሎ የሚጮህ የስድስት ዓመት ልጅ ትልቅ ነገር ተምሯል። ክስ ሁሉ እውነት እንዳልሆነ አይቷል። ጉልበተኛ ለመብላት ሰበብ እንደሚፈልግ ገብቶታል። «ለምን አህያዋ ብቻ?» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ደግሞ መመዘን ጀምራለች። የአንበሳን በሬና የአህያን ሣር አስተያይታ፣ ፍርዱ መጣመሙን ለይታለች። ማንም «ፍትሕ ማለት እንዲህ ነው» ብሎ አላስረዳትም። ራሷ ፈረደች።

ለእኔ የተረት ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። ልጁ ትእዛዝ ከሚቀበል ይልቅ መፍረድ ይለማመዳል።

ወሎ «ድርቅ» የሚለውን ቃል የሚሰማው በሌላ ጆሮ ነው። 1966ንም 1977ንም ያዩ ሰዎች ዛሬም በየቤቱ አሉ። እነሱ ይህን ተረት ሲያወሩ ስለ እንስሳ ብቻ የሚያወሩ አይመስለኝም። ክፉ ቀን ሲመጣ ጥፋቱ አቅም በሌለው ላይ እንደሚለጠፍ ነው የሚነግሩን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትንንሽ የነበሩ ልጆች ዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ያለ ጥፋታቸው ከቤታቸው የወጡ አሉ። ለእነዚህ ልጆች «ደግ ሁልጊዜ ያሸንፋል» ማለት ያዩትን መካድ ነው። የአህያዋ ተረት ግን «እንዲህም ይደረጋል፤ ግን ልክ አይደለም» ይላቸዋል። የሚያምኑትም ይህን ነው።

ልጅ እንዳያዝን ብለው መጨረሻውን የሚቀይሩ ወላጆች አሉ። አህያዋ ታመልጣለች፣ ጅቡ ይቅርታ ይጠይቃል። ርኅራኄያቸው ይገባኛል። ቢሆንም አትቸኩሉ። መጀመሪያ ልጁ ይዘን። ከዚያ «አብሽር ልጄ» በሉትና «አንተ እዚያ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። መጨረሻውን እሱ ይቀይረው።

«መልእክቱን ልጁ ራሱ ያገኘዋል»

ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ወይም እኛ ያላሰብነውን ያገኛል።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ «ቁርበት አንጥፉልኝ» ማለቱን ሁላችንም እናውቃለን። ጅብ ቁርበት ይበላል እንጂ አይተኛበትም። የሚያውቀው በሌለበት አገር እንደ ጨዋ እንግዳ ልቀመጥ አለ። ይህን ለአንድ የደሴ ልጅ ነግሬው «ታዲያ ቢያነጥፉለት ምን አለበት? እንግዳ አይደል?» አለኝ። ከልጁ ጋር ልሟገት አልቻልኩም። ያደገው እንግዳ ሲመጣ ቡና በሚፈላበት፣ «ጀባ» በሚባልበት ቤት ነው። ቁርበት ላይ ተኝቶ አያውቅም። ቤታቸው ያለው የስፖንጅ ፍራሽ ነው። ጅብም ቁርበት እንደሚበላ የነገረው የለም። ተረቱ የቆመበትን ነገር ሁሉ ሳናሳየው ትምህርቱን እንዲያገኝ ጠበቅን።

ልጆች የታሪክን መልእክት እንዴት እንደሚረዱ ያጠኑ ሰዎችም ተመሳሳይ ነገር አይተዋል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው እንኳን ብዙዎቹ የታሪኩን ድርጊት በደንብ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ያሰበውን ቁም ነገር ግን አያወጡትም። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፣ ዕድሜያቸው ነው።

መፍትሔው ግን «ከዚህ ተረት የምንማረው...» ብሎ መደምደም አይደለም። ያ ጨዋታውን ወደ ፈተና ይለውጠዋል። ልጁም የሚፈለገውን መልስ ሸምድዶ ይሰጣችኋል። ይልቅ ያልገባውን ዕቃና ልማድ አስረዱት። ከዚያ እውነተኛ ጥያቄ ጠይቁ፣ መልሱን እናንተም እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን። «ጅቡን ያስገቡት ሰዎች ሞኝ ናቸው ወይስ ደግ?» ይህ ጥያቄ ቤቱን ሁሉ ያከራክራል።

«ካላስፈራ አያስተምርም»

«ዝም ካላልክ አያ ጅቦ ይመጣል።» ጅብ ማታ ማታ በሚጮህበት ከተማ ይህ ማስፈራሪያ ይሠራል፣ ልጁ ዝም ይላል። ነገር ግን ዝም ማለትና መማር ለየቅል ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ያሉ ልጆችን አሻንጉሊት ያለበት ክፍል ውስጥ ትተው «ዞረህ እንዳታይ» አሏቸው። አብዛኞቹ አዩ። ከዚያ ተረት ተነበበላቸውና «አይተሃል?» ተብለው ተጠየቁ። «ተኩላ መጣ» እያለ የዋሸው እረኛ የደረሰበት ክፉ መጨረሻ ልጆቹን ከውሸት አላራቃቸውም። ሲዋሽ አፍንጫው የሚረዝመው የእንጨት ልጅ ታሪክም እንዲሁ። የሠራው ታሪክ ጥፋቱን ለአባቱ በግልጽ የተናገረውና በእውነተኛነቱ የተመሰገነው ልጅ ታሪክ ነው። ያንኑ ታሪክ መጨረሻውን ቅጣት አድርገው ሲቀይሩት ውጤቱ ጠፋ።

ነገሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። ብርጭቆ የሰበረ ልጅ ስለ ተቀጣ ውሸታም ደጋግሞ ከሰማ የሚማረው «ከተያዝኩ አለቀልኝ» የሚለውን ነው። ስለዚህ እንዳይያዝ ይጠነቀቃል። እውነት ተናግሮ ፊቱ የበራለትን ልጅ ታሪክ ከሰማ ግን የሚሄድበት መንገድ ያያል።

ከላይ የአህያዋን ተረት አመስግኜ እዚህ ማስፈራራትን መንቀፌ እንዳይጋጭባችሁ። አህያዋ ስትበላ ልጁ ለሌላ ያዝናል። «ጅብ ይበላሃል» ስትሉት ለራሱ ይፈራል። የፈራ ልጅ ደግሞ ስለ ሌላው ማሰብ ይከብደዋል።

«እንስሳ ካለበት ለልጅ ይበልጥ ይገባዋል»

እንስሳ ልጅን ይስባል፣ ይህ እውነት ነው። ትምህርቱን ወደ ራሱ ሕይወት መውሰዱ ግን ሌላ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የካናዳ ጥናት ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚያወራ አንድ ታሪክ አነበበላቸው፤ ለአንዳንዶቹ በሰው፣ ለአንዳንዶቹ በእንስሳ ገጸ ባሕርይ። ከዚያ በኋላ ስቲከራቸውን ይበልጥ ያካፈሉት በሰው የተነገራቸው ናቸው። በእንስሳ ከተነገራቸው መካከልም እንስሳትን እንደ ሰው የሚያዩት የተሻለ አካፍለዋል።

አያ ጅቦንና እመት ጦጢትን እናባርር ማለቴ አይደለም። ድልድዩን እንሥራ። «ሰፈራችን ውስጥ እንደ አያ ጅቦ የሚያደርግ ታውቂያለሽ?» ብትሏት ልጅቷ ወዲያው ስም ትጠራለች። ምናልባት የወንድሟን።

«ጦጣዋ ማጭበርበር ታስተምራለች»

የአንበሳና የጅብን ተረት አስታውሱ። ጅብ ላም አለው፣ አንበሳ በሬ አለው። ላሟ ወለደች። አንበሳ «የወለደው የእኔ በሬ ነው» አለ። እንስሳቱ ለፍርድ ተጠሩ፤ ሁሉም ፈርተው «አዎ፣ በሬው ነው» አሉ። እመት ጦጢት ዘግይታ ደረሰች። ለምን ዘገየሽ ስትባል «አባቴ ወልዶ እሱን ሳርስ ነው» አለች። «ወንድ መቼ ወልዶ ያውቃል?» ብሎ አንበሳ ጮኸ። «ታዲያ በሬ መቼ ወልዶ ያውቃል?»

ይህ ማጭበርበር ነው? ትንሿ ጦጣ አንበሳን በጉልበት ልትገጥመው አትችልም። ሌሎቹ የዋጡትን እውነት ራሱ እንዲናገረው አደረገችው። አንዳንድ የጦጣ ተረት በእርግጥ ተራ ሌብነት ነው፤ እሱን ስትነግሩ «ይሄስ ልክ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉንም በአንድ ላይ መጣል ግን ልጆችን የደካማን ብልሃት መንፈግ ነው።

«ተረት ቃሉ ሳይነካ ነው መነገር ያለበት»

በብርድ ሌሊት ራቁቱን ተራራ ላይ ስላደረው ሰው ያለውን ተረት ታውቁታላችሁ። ጌታው ተወራረደው፤ ሰውየው ከሩቅ የሚታይ እሳት እያየ ተጽናንቶ አነጋ። ጌታው «እሳት ካየህማ ሞቀህ» ብሎ የተወራረደበትን ከለከለው። አንድ ብልህ ሰው ግብዣ ጠራና እንግዶቹን የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተቱ እንዲቀመጡ አደረጋቸው። የሩቅ እሳት ካሞቀ ሽታም ያጠግባል።

ተራራውን እንጦጦ አድርገው የሚተርኩት አሉ። እኔ ጦሳ ነው የማደርገው። የደሴ ልጅ የጦሳን ብርድ ያውቀዋል፤ ትከሻው ሳይቀር ይሰበሰባል። ኮምቦልቻ ላይ ስነግረው ግን ሞቃት አገር ስለሆነ ብርዱን ማስረዳት ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ተረት በቃል የኖረው ተራኪው ከፊቱ ላለው ልጅ እያስተካከለው ነው። የማይነካው ፍርዱ ነው፦ ሽታ ጥጋብ አይሆንም፣ የገባኸውን ቃል በቀልድ አታመልጠውም።

አዲስ ተረትም ይወለዳል። ታክሲ ተሳፍረው ስለሄዱት አህያ፣ ፍየልና ውሻ ያለውን የማያውቅ አለ? ፍየል ሳትከፍል ስለወረደች መኪና ስታይ ትሮጣለች። ውሻ መልሱን ስላልተቀበለ መኪና ያሳድዳል። አህያ ከፍላለችና ከመንገዱ አትነቃነቅም። መኪና ሳይመጣ ይህ ተረት ሊኖር አይችልም ነበር። የጭነት መኪና የማይጠፋበት የኮምቦልቻ መንገድ ላይ ያደገ ልጅ ደግሞ ማስረጃውን በየቀኑ ያያል።

«ተረት ውሸት ነው፣ ልጅን ውሸት ያስለምዳል»

ይህን ከልባቸው የሚሰጉ ሃይማኖተኛ ወላጆች ይነግሩኛል። ተራኪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ። ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ልጁ መቼ እንደገባና መቼ እንደወጣ በግልጽ ተነግሮታል። የሚዋሽ ሰው «አሁን ልዋሽ ነው» አይልም። በእኛ አገር ደግሞ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም አያት ያንኑ አያ ጅቦ ሲያወሩ ነው የኖሩት፤ የጎረቤት ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠው ሰምተዋል።

«አሁን ጊዜ የለም፣ ስልኩ ይነግራቸዋል»

አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረት ነግረውናል። ስለዚህ በስክሪን የሚመጣ ተረት ሁሉ ከንቱ ነው አልልም። ግን እሳቸውም ልጆችን አጠገባቸው ሰብስበው ነበር የሚያወሩት። ስልክ ላይ ያለው ቪዲዮ ልጁ «ለምን አህያዋ?» ሲል አይመልስም። ወደሚቀጥለው ያልፋል።

የጊዜው ጉዳይ እውነት ነው። ፋብሪካ በሽፍት የምትሠራ እናት ማታ ደክሟት ትገባለች። የአህያና የጅቡ ተረት ግን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርዱ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ተረት ይነገራል። ተረት ካልመጣላችሁ «እንቆቅልሽ» በሉ፤ ልጁ «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀጥላል። ካላወቀ አገር ይሰጣችሁ። በሚቀጥለው ደግሞ እሱ ይጠይቅ፣ እናንተ አገር ስጡ።